ምዕራፍ 7፦ ያለ ፉርኖ

ከጣሊያንኛ የወረስናቸውን ቃላት ስንጠቀም ጣሊያንኛ መሆናቸው ትዝ አይለንም። ከረሜላ፣ ብስኩት፣ ማኪያቶ፣ ጎማ፣ ባኞ ቤት። ፉርኖም ከነዚሁ አንዱ ነው። ጣሊያኖች «ፎርኖ» የሚሉት መጋገሪያውን ምድጃ ነው፤ ዳቦ ቤቱንም እንዲሁ ይጠሩታል። እኛ ምድጃውን ትተን ስሙን ለዳቦው ሰጠነው። ስለዚህ አንድ የሮም ሰው «ሴንዛ ፎርኖ» ቢል ምድጃ ሳይገባ የተሠራ ጣፋጭ ማለቱ ነው፤ አንድ የአዲስ አበባ ሰው «ያለ ፉርኖ» ቢል ግን ዳቦ የለም ማለቱ ይሆናል። የዚህ ምዕራፍ ቸኮሌት በሁለቱም ትርጉም ያለ ፉርኖ ነው። ምድጃ አይገባም፤ የስንዴ ዱቄትም የለበትም፤ ስኳሩም ጥቁሩ ቸኮሌት ውስጥ ያለችው ጥቂት ብቻ ናት።

ነገሩን የተማርኩት ከቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ፣ ካስትሮ ፕሬቶሪዮ ነው። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው በጢባርዮስ ቄሳር ዘመን፣ በ23 እ.ኤ.አ. አካባቢ፣ ለንጉሠ ነገሥቱ ዘበኞች ከተሠራው የጦር ሰፈር ነው። ዘበኞቹ ቄሳር ሲሾሙና ሲሽሩ ኖረው በ312 ቆስጠንጢኖስ በተናቸው። ግንባቸው ግን ዛሬም በከፊል ቆሟል፤ በግቢያቸው ላይም በ1975 የተከፈተው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት አለ። መንገዶቹ ሚላዞ፣ ሞንቴቤሎ፣ ሶልፌሪኖ፣ ጋኤታ እየተባሉ ጣሊያን አንድ ለመሆን በተዋጋችባቸው ቦታዎች ስም ይጠራሉ። የጣቢያው አደባባይ ደግሞ «የአምስት መቶዎቹ» ይባላል። እነማን ናቸው ቢሉ፣ በጥር 1887 እ.ኤ.አ. ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ የደመሰሷቸው ወታደሮች። ሮም የገባ ሐበሻ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚረግጠው ይህንኑ አደባባይ መሆኑ እስካሁን ያስገርመኛል። ከዚያ ወዲህ ባሉት መንገዶች የሐበሻ ምግብ ቤት ማግኘት አይቸግርም፤ ምሳ ሰዓት ላይ የበርበሬው ሽታ ራሱ መንገድ ይመራል።

እኔ የነበርኩበት ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አምስት ሴቶች በሦስት ክፍል። ወጥ ቤቱ የጋራ ነበር፦ ሁለት እሳት ያለው የጋዝ ምድጃ፣ የሚያንጎራጉር ፍሪጅ፣ አንድ ደህና መጥበሻ። መጋገሪያው ከሞተ ዓመታት ስላለፉት ድስት ማስቀመጫ አድርገነው ነበር። ታላቃችን ሁላችንም «እትዬ» የምንላቸው የአርሲ ሴት ናቸው። እንደ ብዙ እህቶቻችን አረጋውያን በመንከባከብ ይኖራሉ፤ ባዳንቴ የሚባለው ሥራ ነው። ስኳር ካገኛቸው ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል።

አንድ ዓመት የጣሊያኖች ፋሲካ በእኛ ዐቢይ ጾም መሐል ዋለ። እትዬ የሚጠብቋቸው አሮጊት ልጅ የሰጠቻቸውን ጥቅል ይዘው ገቡ። ወረቀቱን ስፈታው በክር ጥፍር ተደርጎ የታሰረ፣ ነጭ ነገር የተነሰነሰበት፣ ቁርጥ ቋሊማ የሚመስል ነገር ወጣ። እትዬ እጃቸውን ወደ ኋላ ሰበሰቡ።

«አንቺ፣ ይሄ አሳማ ነው እንዴ? በጾም አሳማ ትላክልኝ?»

«ኧረ እትዬ፣ ቸኮሌት ነው።»

ቸኮሌት መሆኑም አላዳነው። ቅቤና እንቁላል አለበት፤ ጾሙ ቢታለፍ እንኳ ስኳሩ አለ። እኛ አራታችን በላንላቸው፤ እሳቸው ሻያቸውን ይዘው ተመለከቱን። ከሳህኑ ላይ የቀረውን ፍርፋሪ በሁለት ጣታቸው ጫን ጫን አድርገው ካዩት በኋላ ግን የዚህ ምዕራፍ መነሻ የሆነውን ነገር ተናገሩ። «ይሄማ ጭኮ አይደለም እንዴ! ገብሱን ምን አጠቆረው?»

የዚያ ጣፋጭ ስም ሳላሜ ዲ ቾኮላቶ ነው፤ የቸኮሌት ቋሊማ እንበለው። ጣሊያን ውስጥ አያት ሁሉ የሚሠራው የቤት ነገር ነው። ደረቅ ብስኩት ይሰባበራል፤ ቅቤ፣ ስኳር፣ ካካዎ፣ በብዙ ቤት ጥሬ እንቁላልም ይገባበታል። ተለውሶ፣ ተጠቅልሎ ፍሪጅ ውስጥ ያድራል። ሲቆረጥ የብስኩቱ ስብርባሪ በሳላሜ ውስጥ እንዳለ ጮማ ነጭ ነጭ እያለ ይታያል። ሒሳቡን ብንሠራ 150 ግራም ብስኩት ወደ 110 ግራም ካርቦሃይድሬት አለው፤ 100 ግራም ስኳር ሲጨመርበት 210 ይሆናል። በ24 ቁራጭ ሲከፈል እያንዳንዱ ከሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር በላይ ይደርሰዋል። ሰው ደግሞ አንድ በልቶ አያቆምም።

ወደ ጭኮው እንመለስ። ጭኮ የተቆላ ገብስ ዱቄት በተነጠረ ቅቤ የተለወሰ ስንቅ ነው። ከተለወሰ በኋላ እሳት አያይም፤ ቀዝቅዞ ይበላል፣ ብዙ ቀን ይቆያል። ታዲያ ሳይጋገር ምን አያያዘው? ዳቦን የሚያቆመው የስንዴው ጅማትና በሙቀት የበሰለው ስታርች ነው። ጭኮን የሚያቆመው ግን ቅቤው ብቻ ነው። ሲሞቅ ፈሳሽ ሆኖ በዱቄቱ ቅንጣቶች መካከል ይሰርጋል፤ ሲበርድ ይረጋና እንደ ጭቃ ምርጊት ያስራቸዋል። የቸኮሌቱ ቋሊማም ሥራው ይኸው ነው። ገብሱ ወይም ብስኩቱ እዚያ ያለው ቦታ ለመሙላት እንጂ ለማያያዝ አይደለም። ይህ ከገባን በቦታው የፈለግነውን ደረቅ ዱቄት መተካት እንችላለን ማለት ነው። የገብስ ዱቄት ከመቶው ሰባው ገደማ ካርቦሃይድሬት ነው፤ የአልሞንድ ዱቄት ግን ቃጫውን ሳንቆጥር አሥርም አይሞላ።

አልሞንድ ስል ጣሊያኖች ማንዶርላ የሚሉትን፣ በመጽሐፍ ቅዱስ የአሮን በትር ያፈራችውን ለውዝ ማለቴ ነው። አዲስ አበባ ላይ ለውዝ ሲባል ኦቾሎኒ ስለሚመጣ እንዳንምታታ ብዬ ነው። አልሞንድ ሲወደድ ኦቾሎኒም፣ ሰሊጥም ቦታውን ይይዛሉ። ጣዕሙ ይለያያል፤ ሥራው አይለያይም። እንዲህ ዓይነቱ ምትክ ለቸኮሌት አዲስ ነገር አይደለም። ናፖሊዮን በ1806 ከእንግሊዝ ጋር የሚደረገውን ንግድ ሲያግድ ካካዎ ጠፋ፤ የቶሪኖ ጣፋጭ ሠሪዎችም አገራቸው የሞላውን ኖቾላ (ሄዘልነት) እየፈጩ ካካዎውን ማበራከት ያዙ ይባላል። እንደሚሉት ጃንዱያ የሚባለው ቸኮሌት ከዚያ የመጣ ነው።

አሁን ስለ ቅባት። ካስትሮ ፕሬቶሪዮ ላይ ሁለት ትምህርት አገኘሁ፤ አንዱ ከራሴ ጥፋት ነው። በሐምሌ ለአንድ ሕፃን ክርስትና ሠላሳ ፍሬ ያህል ሠርቼ ነበር። ጾመኛ ይኖራል ብዬ በቅቤ ፋንታ የኮኮናት ዘይት አደረግሁበት። ከፍሪጅ ሲወጡ ድንጋይ ነበሩ። በፕላስቲክ ዕቃ አድርጌ፣ ደረጃ ወርጄ፣ አውቶቡስ ጠብቄ፣ ደርሼ ስከፍተው አንዲት ሴት ጎንበስ ብላ አየችና «ውይ፣ ሾርባ ነው ያመጣሽው?» አለች። የኮኮናት ዘይት የሚቀልጠው 24 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ነው። የሮም ሐምሌ ደግሞ 30ን እንደ ዋዛ ያልፋል። የላም ቅቤ ከ32 እስከ 35 ይታገሣል፤ ቢሆንም ከዚያ በፊት መለስለስ ይጀምራል። ከሁሉ የሚጠነክረው የካካዎ ቅቤ ነው፤ በደንብ ሲረጋ 34 አካባቢ ድረስ ይቆማል። የአፋችን ሙቀት ከዚያ ትንሽ ብቻ ከፍ ያለ በመሆኑ ነው ቸኮሌት እጅ ላይ ቆሞ ምላስ ላይ የሚሟሟው። ስለዚህ ውስጡ ጥቁር ቸኮሌት ይኑርበት፤ የኮኮናት ዘይት ብቻውን አይበቃም። አንባቢዬ አዲስ አበባ ከሆኑ የኮኮናት ዘይቱ መደርደሪያ ላይ ረግቶ ያገኙታል፤ ድሬዳዋ ከሆኑ ግን የእኔ ሾርባ ይደርስዎታል።

ሁለተኛው ትምህርት ከእትዬ ነው። መጀመሪያ የሠራሁትን ቀምሰው «ጥሬ ጥሬ ይላል» አሉ። ልክ ነበሩ። ምድጃ የማይገባ ነገር ምድጃ የሚሰጠውን ሽታና ቀለም አያገኝም፤ ይህንን ብዙ የ«ሴንዛ ፎርኖ» አሰራር ይረሳዋል። ሐበሻ ግን መጥበሻ አለው። በሶውም ጭኮውም ከመፈጨቱ በፊት የተቆላ ነው። እትዬ የአልሞንዱን ዱቄት በደረቅ መጥበሻ፣ በትንሽ እሳት፣ በእንጨት ማማሰያ ያምሱት ጀመር። ለአምስት ደቂቃ ያህል ምንም የለም። ከዚያ ድንገት ቤቱን የብስኩት ሽታ ሞላው፤ ዱቄቱም የቆዳ ቀለም ያዘ። ያኔ ወዲያው ይወርዳል፣ ወደ ቀዝቃዛ ሳህን ይገለበጣል፤ መጥበሻው ላይ ከቀረ በራሱ ግለት ያርራል። ኖቾላውም እንዲሁ ይቆላል፤ ትኩስ ሳለ በጨርቅ ጠቅልሎ ሲታሽ ልጡ ይለቃል። ቡና የሚቆላ ሰው ይህን ማንም ሊያስተምረው አያስፈልግም።

ማጣፈጫው ላይ ልቆይ፤ ገንዘብም ጤናም የሚባክነው እዚህ ነው። ብዙ ሰው ስኳሩን አውጥቶ ተምር ወይም ማር ያደርግበትና «ተፈጥሯዊ ነው» ብሎ ይጽናናል። ደረቅ ተምር ከግማሹ በላይ ስኳር ነው፤ ማር ከመቶው ሰማንያው ገደማ። ለጣዕም ጥሩ ናቸው፤ ደም ውስጥ ሲገቡ ግን ከከረጢቱ ስኳር ብዙም አይለዩም። እኔ የምጠቀመው ኤሪትሪቶል ነው። ስኳር አልኮል የሚባሉት ወገን ነው፤ አልኮል ቢባልም አያሰክርም። ጣፋጭነቱ የስኳርን ሰባ በመቶ ያህል ነው፤ ሰውነት ሳይጠቀምበት አብዛኛውን በሽንት ያስወጣዋል፤ የደም ስኳርንም ከፍ አያደርግም። ሁለት ጠባይ አለው። አንደኛ፣ አፍ ውስጥ ሲሟሟ ሙቀት ይስባልና እንደ ሜንታ ከረሜላ ይቀዘቅዛል። ሁለተኛ፣ ቅባት ውስጥ አይሟሟም። ስለዚህ እንደ ዱቄት ካልላመ ቸኮሌታችሁ አሸዋ አሸዋ ይላል። በቡና መፍጫ ፍጩት፤ በርበሬ የተፈጨበት ግን አይሁን፣ እኛ ቤት አንዴ ሆኗል። አሸዋ ካለባችሁም እንግዳ ፊት አትፈሩ፤ የሲሲሊዋ ሞዲካ ቸኮሌቷን ከ50 ዲግሪ በታች እየሠራች ስኳሩ ሳይቀልጥ ቅርጭጭ እንዲል የምታደርገው ሆን ብላ ነው። «የሞዲካ ነው» በሏቸው።

ማልቲቶል ሌላ ነው። ሱቅ ውስጥ «ያለ ስኳር» የሚሉት ቸኮሌቶች ብዙዎቹ የሚጣፍጡት በእሱ ነው። የደም ስኳርን ከስኳር ያነሰ ቢሆንም ከፍ ያደርጋል፤ በዛ ሲሉት ደግሞ ሆድ ያስሮጣል። ይህን የምለው እኔ ብቻ አይደለሁም፤ የአውሮፓ ሕግ ራሱ ማሸጊያው ላይ እንዲጻፍ ያስገድዳል።

ኤሪትሪቶልም ከክስ ነፃ አይደለም። በየካቲት 2023 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት በደማቸው ውስጥ ብዙ ኤሪትሪቶል የተገኘባቸው ሰዎች ድንገተኛ የልብ ሕመምና ስትሮክ በብዛት እንዳጋጠማቸው ገልጿል። ሰውነታችን ራሱም ኤሪትሪቶል ስለሚሠራ መንስኤው እሱ ነው ለማለት ያ ብቻውን አይበቃም። የልብ ሕመም ያለበትን ሰው ግን «እንደፈለግህ ብላ» አልለውም። እትዬ መጠኑን በየወሩ እያስቀነሱኝ አሁን ከጀመርንበት ሲሶው ብቻ ቀርቷል። ምላስ ይለምዳል።

ጣሊያን ሱቅ ገብቶ ለሚያነብ ሰው ሦስት ወጥመዶች አሉ። የመጀመሪያው ካካዎ ነው። «አማሮ» የሚለው ንጹሕ መራራ ካካዎ ነው፤ «ዙኬራቶ» የሚለው ስኳር የገባበት። ማሸጊያቸው መንታ ይመስላል፤ እኔ ሁለቴ ተሳስቻለሁ። (ካካዎ ዱቄት የሆነው ሆላንዳዊው ቫን ሃውተን በ1828 የባለቤትነት መብት ካገኘበት ማተሚያ ወዲህ ነው፤ ቅቤው ተጨምቆ ሲወጣ የሚቀረው ቂጣ ተፈጭቶ ነው።) ሁለተኛው መቶኛው ነው። «85 በመቶ» ሲል ካካዎውና የካካዎው ቅቤ ተደምሮ 85 ነው ማለት ነው፤ የቀረው 15 ከሞላ ጎደል ስኳር ነው። «ፎንዴንቴ» የሚለው ቃል ግን ብቻውን ምንም አይናገርም፤ ግማሹ ስኳር የሆነም ፎንዴንቴ አለ። ሦስተኛው ሒሳቡ ነው። በአሜሪካ መለያ ላይ የካርቦሃይድሬቱ ቁጥር ቃጫውን ይጨምራል፤ ስለዚህ ቃጫው ይቀነሳል። በአውሮፓ መለያ ላይ «ካርቦይድራቲ» የሚለው ቃጫው ተቀንሶ የተጻፈ ነው። አሜሪካ የተሠራ ቪዲዮ አይቶ የጣሊያን ካርቶን የሚያነብ ሰው ሁለቴ ቀንሶ ዜሮ ላይ ይደርሳል፤ ደሙ ግን ዜሮ አይልለትም። አዲስ አበባ የውጭ ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ሁለቱንም ዓይነት አንድ መደርደሪያ ላይ ስለሚደረድሩ መጀመሪያ የት እንደተሠራ ማየት ነው።

እንግዲህ እንሥራው። 150 ግራም የአልሞንድ ዱቄት እንደተባለው አምሳችሁ አቀዝቅዙ። 30 ግራም መራራ ካካዎ፣ 50 ግራም የላመ ኤሪትሪቶልና አንድ ቁንጥር ጨው በወንፊት ነፍታችሁ ቀላቅሉበት። ጨውን አትናቁ፤ መራራውን የሚያለዝበው እሱ ነው። እኛ ቤት ግማሽ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ኮረሪማም ይገባል። ኮረሪማና ቸኮሌት ቀድሞ የሚተዋወቁ ይመስል ይስማማሉ፤ ሌላ ቅመም አልመክርም። 100 ግራም ባለ 85 በመቶ ቸኮሌት ለብቻው ቀልጦ ከእሳት ይወርድና 90 ግራም ለስላሳ ቅቤ ይማሰስበታል። ሁለቱን ደባልቁ፤ 50 ግራም የተቆላና ሰበር ሰበር የተደረገ ኖቾላ ጨምሩ። እንቁላል የለም፤ ሳይበስል የሚበላ ነገር ውስጥ ጥሬ እንቁላል ማስገባት ስኳር ላለበት ሰው ቤት አይታየኝም። ሊጡ መጀመሪያ ይላላል። አትደንግጡ፣ ዱቄትም አትጨምሩ። አሥር ደቂቃ ሲያርፍ አልሞንዱ ይጠጣዋል። በወረቀት ላይ አስተኝታችሁ እንደ ቋሊማ ጠቅልሉና ሁለቱን ጫፍ እንደ ከረሜላ ጠምዝዙት። (የዚህ ወረቀት ስም፣ ምድጃ የማያየው ቸኮሌት ተጠቅልሎበት፣ ካርታ ፎርኖ ነው።) ሦስት ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ ይቆይ። ቢላውን ሙቅ ውኃ ነክራችሁ፣ ጠርጋችሁ ቁረጡ፤ 24 ቁራጭ ይወጣዋል።

ቸኮሌቱ ሲቀልጥ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ድስት ውስጥ ሁለት ጣት ውኃ ይሞቃል፣ ቸኮሌቱ ያለበት ጎድጓዳ ሳህን አፉ ላይ ይቀመጣል፣ የሳህኑ ቂጥ ውኃውን አይነካም። ጣሊያኖች ባኞማሪያ ይሉታል። እትዬ ስሙን ሲሰሙ አማተቡ፤ የተባለላት ማርያም ግን በጥንቷ እስክንድርያ ነበረች የምትባል ብረትና መድኃኒት የምትመረምር አይሁዳዊት ናት። ጠላቱ ውኃ ነው። ከማንኪያ ላይ አንድ ጠብታ ከወደቀችበት የሚያብረቀርቀው ቸኮሌት በአፍታ ይጓጉልና የረጠበ አፈር ይሆናል። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ስኳሩና የካካዎው ቅንጣት ቅባት ውስጥ ተንሳፍፈው ሳለ ጠብታዋ አርጥባቸው እርስ በርስ ታጣብቃቸዋለች። መጣል አያስፈልግም። ሰው የማያምነው መፍትሔ አለው፤ ሙቅ ውኃ በማንኪያ በማንኪያ ጨምሩበት። ጠብታ ያጓጎለው በብዛት ሲሆን ይፈታዋል። ከዚያ በኋላ ግን ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ለወተት ወይም ለቡና ማጣፈጫ አድርጉት።

ቁራጮቹን በቀለጠ ቸኮሌት ልሸፍን የሚል ካለ ሌላ ጣጣ ነው። የካካዎ ቅቤ ሲረጋ ስድስት ዓይነት አረጋግ አለው፤ የሚያብረቀርቀውና ሲሰበር ቀጭ የሚለው አንዱ፣ አምስተኛው ብቻ ነው። ቸኮሌቱን ሁለት ሦስተኛ አቅልጣችሁ የቀረውን ሳይቀልጥ ጣል አድርጋችሁ በማማሰል ወደ 31 ዲግሪ ማውረድ ነው፤ የታችኛውን ከንፈር ስታስነኩት ቀዝቀዝ ሲል ደርሷል። ካልተሳካ ከቀናት በኋላ ነጭ ብናኝ ያወጣል። ሻጋታ አይደለም፣ ይበላል። እንዲህ ያለውን ጥበብ ለማየት ከሰፈራችን ጀርባ ሳን ሎሬንዞ ውስጥ በ1923 የተመሠረተው ሳይድ የቸኮሌት ቤት ቅርብ ነው። እኔ በቤቴ አልሸፍንም፤ ካካዎ ነስንሼ እተወዋለሁ።

ለጾም ቅቤው ወጥቶ 75 ግራም የኮኮናት ዘይት ይገባል። ቅቤ ውስጥ ውኃ ስላለ ነው መጠኑ የሚያንሰው። እዚህ ላይ ለእትዬ ያስረዳሁት ነገር አለ። የቸኮሌቱን ጀርባ በመነጽር እያነበቡ «ቡሮ ይላል፤ ቅቤ አለበት» ብለው መለሱልኝ። «ቡሮ ዲ ካካዎ» የካካዎ ፍሬ ቅቤ ነው፣ ላም አያውቀውም። «ቡሮ» ብቻውን ወይም «ላቴ» (ወተት) ካለ ግን አዎ፣ የፍስክ ነው።

አሁን ስንት ሆነ? ኤሪትሪቶሉን ሳንቆጥር በጠቅላላው ወደ 37 ግራም ካርቦሃይድሬት ነው፤ ለአንድ ቁራጭ አንድ ተኩል ግራም ይደርሳል። ከጣሊያኖቹ ጋር ሲተያይ ስድስት እጥፍ ያህል ያነሰ ነው። ኃይሉ ግን አላነሰም፤ ለውዝና ቅባት ነውና አንዱ ቁራጭ 110 ካሎሪ ገደማ ይይዛል። ሁለቱ ከአንድ ስኒ ቡና ጋር ጥሩ መክሰስ ናቸው። ስምንቱ አንድ ምሳ ናቸው። «ካርቦሃይድሬት የለውም» እያለ ሳህኑን የሚጨርስ ሰው አይቻለሁ፤ ክብደት ሲጨምር በኮኮናቱ አሳበበ።

አንድ ነገር ልንገራችሁና ምዕራፉን ልዝጋ። እትዬ በዚህ ነገር ተደስተው ዳቦውንም ፓስታውንም ቀነሱ። እኔም ጎበዝ መስዬ የቤቱን ስኳር ጠራርጌ ለጎረቤት ሰጠሁ። አንድ ማታ ከሥራ ሲመለሱ ከሜትሮው ወጥተው ደረጃውን ጨርሰው በር ላይ ቆሙ፤ ላብ በላብ ሆነዋል፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ስማቸውን ስጠራቸው አይመልሱልኝም። ስኳራቸው ወርዶ ነበር። ምግባቸውን ሲቀንሱ የኪኒናቸው መጠን እንደነበረ ቀርቷልና። እኔም ተደናግጬ ያገኘሁትን አፋቸው ውስጥ አደረግሁ፤ የራሴን ቸኮሌት። አላመጡት፣ ዋጡት፣ ምንም የለም። እንዴት ይኖራል? ስኳር እንዳይኖረው ብዬ ነው የሠራሁት፤ ያለችውንም ጥቂት ቅባቱ ያዘገያታል። የታችኛዋ ፎቅ ጎረቤታችን ሰጥቻት ከነበረው ስኳር አራት ማንኪያ በውኃ በጥብጣ ይዛ መጣች። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ እትዬ ቀና ብለው «ምን ሆናችሁ ነው የተሰበሰባችሁት?» አሉ።

ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ ኪኒን የሚወስድ ሰው ካርቦሃይድሬት ከመቀነሱ በፊት ሐኪሙን ያማክር፤ መድኃኒቱ አብሮ መስተካከል አለበት። ስማቸው «ግሊፍሎዚን» ብሎ የሚያልቅ አዳዲሶቹን ኪኒኖች የሚወስድም እንዲሁ፤ እነዚያን እየዋጡ ካርቦሃይድሬትን ከልክ በላይ መቀነስ ደምን አሲድ ሊያደርገው ይችላል። ስኳር ያለበት ሰው ቤታችሁ ካለ ቸኮሌቱን ሥሩለት፤ የስኳሩን ጣሳ ግን ከመደርደሪያው አታውርዱት።